ቧንቧው መሰበሩን ያቆመ ጊዜ

ስልኬ ሲጮህ ሐዋሳ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት እያስመዘንኩ ነበር። የደወለው ጋሽ ተካ ነው፤ ቦንጋ በነበርኩበት ጊዜ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር የነበረ። ጋሽ ተካ ለሰላምታ ብሎ የሚደውል ሰው አይደለም።

«የት ነሽ?» አለኝ።

«ገበያ።»

«እንግዲያው ቤትሽ ስትገቢ መልሼ እደውላለሁ።»

«ጋሽ ተካ፣ አሁኑኑ ንገረኝ።»

«እትዬ አስካለ ዛሬ ጠዋት አረፈች። ለቀብሯ አትደርሺም፤ ለሠልስቷ ድረሽ» አለና ዘጋው። ሽንኩርቱን ሚዛኑ ላይ ትቼው ወጣሁ።

እትዬ አስካለን ያወቅኋት ኢሕአዴግ ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ቦንጋ ውስጥ አንድ አነስተኛ የልማት ድርጅት ስቀጠር ነው። እኔ ቅድመ አያቶቼ ከሰሜን የመጡ፣ ቦንጋ ተወልጄ ያደግሁ፣ የካፋን ቋንቋ ካፊኖኖን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት የለመድኩ ነኝ። እሷ ግን የዚያው የካፋ ልጅ ናት። በደርግ ጊዜ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ሆና ገጠሩን በእግሯ አዳርሳዋለች። አጭርና ደንዳና ሰውነት ነበራት፤ ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ ግን አይወጣትም።

የሥራ መደቧ «የማኅበረሰብ ተሳትፎ አመቻች» ይባል ነበር። አንድ መንደር የጋራ ችግር ሲገጥመው ሰዎቹን ትሰበስብና ችግሩ ከምን እንደመጣ፣ ምንስ እያስከተለ እንደሆነ ራሳቸው ፈልገው እንዲያገኙት ታግዛቸዋለች። መልስ አትሰጥም፤ ትጠይቃለች። እኔ አብሬያት እየሄድኩ የተባለውን እጽፋለሁ።

መሬት ላይ በእንጨት ዛፍ ትስላለች። ግንዱ ችግሩ ነው፣ ሥሮቹ መንስኤዎቹ፣ ቅርንጫፎቹ ደግሞ ችግሩ ያመጣው ጣጣ። ቢሮው የገዛላትን ትልልቅ ወረቀት አትወድም። «ወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር ሰው ይፈራል። አፈር ላይ የተሳለውን ግን ካልተስማማው በእግሩ ያጠፋዋል» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ገበሬዎች ከተቀመጡበት ብድግ ብለው ሥሩን በእግራቸው አጥፍተው በሌላ በኩል ሲስሉት አይቻለሁ።

አንቱ መባልም አትወድም። «አንቱ ካላችሁኝ ግማሹን ነገር ትደብቁኛላችሁ» ብላ ገና ከመጀመሪያው ቀን አንቺ አስባለችኝ። ጥያቄ ጠይቃ ሰዉ ዝም ሲል አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። እኔ መጀመሪያ ጥርሷን የሚያማት መስሎኝ ነበር። ኋላ ስጠይቃት «መልሱን ራሴ እንዳልናገረው ነው። ዝምታ ሲረዝም ምላሴን ይበላኛል» አለችኝ።

ከሁሉ የምትጠላው «የግንዛቤ እጥረት» የሚለውን ቃል ነበር። ያኔ በየስብሰባው ለማንኛውም ችግር የሚሰጠው መልስ እሱ ነው። ሕፃናት ለምን ይታመማሉ? የግንዛቤ እጥረት። ችግኙ ለምን ደረቀ? የግንዛቤ እጥረት። አንድ ቀን ቦንጋ ላይ ለባለሙያዎች ስልጠና ስትሰጥ አንድ ወጣት ኤክስፐርት ተነሥቶ ይህንኑ ተናገረ።

«ወንድሜ፣ ሚስትህ ወጡን ብታሳርረው ግንዛቤ አንሷት ነው?» አለችው።

«አይ፣ ሥራ በዝቶባት ይሆናል።»

«አየህ፣ ለሚስትህ ምክንያት ትፈልግላታለህ። ለገበሬውም እንደዚያው ፈልግለት።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ወጣቱም ሳቀ። ከዚያ በኋላ እሷ ባለችበት ስብሰባ ያንን ቃል የሚያነሣ ሰው መጀመሪያ ወደ እሷ አየት ያደርግ ነበር።

እኔ የማልረሳት ግን በዚህ አይደለም። ጨዋታ አዋቂ የሆነ ሰው ሌላም አውቃለሁ። የማልረሳት ከዋጫ ከተማ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ቀበሌ በደረሰው ነገር ነው። የቀበሌዋን ስም አልጠራም፤ ሰዎቹ ዛሬም አሉ።

ድርጅታችን እዚያ አንድ ምንጭ አጎልብቶ ነበር። ምንጩ በሲሚንቶ ተዘግቶ ውሃው ቦኖ ላይ በቧንቧ ይወርዳል፤ ቦኖው በአጥር ተከቧል፣ በሩ ላይ ቁልፍ አለ፣ ጠዋት የሚከፍትና የሚዘጋ ጠባቂም ተመድቧል። ግን ቧንቧው ይሰበራል። የውሃ ኮሚቴው ያስጠግናል፤ ብዙ ሳይቆይ ደግሞ ይሰበራል። በመጨረሻ የቢሮ ኃላፊያችን ተማረሩ። «ሕዝቡ ራሱ ንብረቱን ካልጠበቀ እኛ ምን እናድርግ? አስካለ፣ ሂጂና ምክንያቱን አስወጪያቸው። ካልሆነ ፕሮጀክቱን ወደ ሌላ ቀበሌ እናዞረዋለን» አሉ።

ሄድን። ከአንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር ሰዉ ተሰብስቦ ጠበቀን። የኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ገብሬ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ሰው አክባሪ፣ ለእንግዳ ማር ሳያቀርቡ የማይለቁ ሰው። ከዋንዛው ጥላ ውጪ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ጥቂት ሰዎች ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ማንጆዎች ናቸው።

ይህን ለማያውቅ ሰው መናገር አለብኝ። ማንጆዎች ድሮ በጫካ በአደን፣ ኋላም ማገዶና ከሰል እየሸጡ የኖሩ ወገኖች ናቸው። ቋንቋቸው ያው ካፊኖኖ ነው፤ የሚያመልኩትም አምላክ ያው ነው። ሌላው ሰው ግን አብሯቸው አይበላም፣ ቤታቸው አይገባም፣ ልጅ አይሰጣቸውም። ለምን ቢባል አንዱ የማይበላ ሥጋ ይበሉ ነበር ይላል፣ ሌላው ንጹሕ አይደሉም ይላል። አብዛኛው ግን ለምን ብሎ ጠይቆ አያውቅም።

አስካለ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረችና ዛፏን ሳለች። «ግንዱ ይኸው፤ ቧንቧው ይሰበራል። ለምን ይሰበራል?»

«ልጆች ናቸው» አለ አንዱ።

«ልጆቹ ምን ፈልገው?»

«ያው የግንዛቤ…»

«እሱን ቃል ቦንጋ ቆልፌበት ነው የመጣሁት» አለች። ሰዉ ሳቀ። ከብት ነው ተባለ፣ ዕቃው ርካሽ ስለሆነ ነው ተባለ፣ ጠባቂው ሰነፍ ነው ተባለ። ሁሉንም ሳለችው። ከዚያ «የሚሰበረው ቀን ነው ማታ?» ብላ ጠየቀች። «ሲመሽ ነው» አሉ። «ከብትና ልጅ ሲመሽ ምን ይሠራል እዚያ?»

ጸጥ አለ። አፏን በመዳፏ ሸፈነች። አቶ ገብሬ ከዘራቸውን እያገላበጡ መሬት መሬት ያያሉ።

ከቁልቁለቱ በኩል አንዲት ሴት ተነሣች። ቀጭን፣ ጀርባዋ ላይ ሕፃን ያዘለች። አማረች እንደምትባል ኋላ አወቅን። በካፊኖኖ «የምንሰብረው እኛ ነን» አለች።

ሰዉ ሁሉ ዞረ። አስካለ መዳፏን ከአፏ ላይ አነሣችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለምን?» አለቻት።

«ቀን ስለማይደርሰን።»

«ለምን አይደርሳችሁም?»

«ሁሉም ቀድቶ እስኪጨርስ ራቅ ብለን እንቆማለን። ሁሉም ቀድቶ ሲጨርስ ጠባቂው ይቆልፍና ይሄዳል። ልጆቻችን ከታች ከብት የሚረግጠውን ይጠጣሉ።»

«ለምን ራቅ ብላችሁ ትቆማላችሁ?»

አማረች በእጇ አቶ ገብሬን አመለከተች። «እሳቸውን ጠይቂያቸው።»

አቶ ገብሬ አልተቆጡም። ሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው በለሰለሰ ድምፅ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ችግር አይደለም። ይሄ ልማድ ነው። አንቺ ያልሽን ችግር ተናገሩ ነው። ደግሞ አንቺም የእኛው ልጅ ነሽ፣ ታውቂዋለሽ» አሉ።

«አውቀዋለሁ አባቴ» አለች። ጎንበስ ብላ ከግንዱ ሥር አንድ ረጅም ሥር ሳበች፤ ከዋንዛው ጥላ አልፎ እስከ ቁልቁለቱ፣ እስከ አማረች እግር ድረስ። ማንም ተነሥቶ በእግሩ አላጠፋውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነበር። የቀበሌው ሹም ሕገ መንግሥቱ ሁሉም እኩል ነው እንደሚል ተናገረ፤ ተጨበጨበ። ቦኖው ለሁሉም በመጣበት ተራ እንዲቀዳ ተወሰነ። አቶ ገብሬም ሌላውም እጃቸውን አወጡ። እኔም በደስታ ቃል በቃል ጻፍኩት።

ልንሄድ ስንል አማረች መኪናው ጋ መጣች። «ቤቴ ቅርብ ነው። ትገቢያለሽ?» አለቻት። ሰዉ ገና አልተበተነም፣ እያየ ነው። አስካለ «እንዴታ» አለችና ገባን።

ቤቷ ጠባብ ናት፣ የተጠረገች። የተቀቀለ ጎደሬ ከሚጥሚጣ ጋር አቀረበችልን። በላን። አስካለ ከእኔ የበለጠ በላች፤ ሕፃኑንም ታቀፈች። አማረች ቆማ የምታየው የአስካለን እጅ ነበር፤ ከሳሕኑ ወደ አፏ ሲሄድ፣ ከአፏ ወደ ሳሕኑ ሲመለስ።

መንገድ ላይ አስካለ ስታወራ ቆየችና ድንገት «ተካ፣ አቁም» አለች። ወርዳ ከቡናው ዛፎች መካከል ገባች። ስታስመልስ ሰማናት። ውሃ ይዤላት ስሮጥ በጉልበቷ ተንበርክካለች።

«ጎደሬው ነው?» አልኳት።

«አንቺ በልተሽ የለ? ምን ሆንሽ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ጎደሬው አይደለም።» አፏን ተጉመጠመጠች። ዓይኗ በእንባ ተሞልቷል። «ሰናይት፣ እናቴ በልጅነቴ ማንጆ የነካውን ስበላ አይታኝ አፌን በአመድ አሽታዋለች። ረስቼው ነበር። ጭንቅላቴ እሺ ብሏል፤ ሆዴ እምቢ አለኝ።» ደረቷን በጡጫዋ መታችው። «ያን ሁሉ ስቆፍር የዋልኩት ሥር እዚህ ነው ያለው። እዚህ ውስጥ። እንዴት አድርጌ ነው የማወጣው?»

ደግፌ አነሣኋት። ጋሽ ተካም ከመኪናው አልወረደም።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ክትትል ተብሎ ተመለስን። ቧንቧው ደኅና ነው፤ አልተሰበረም። ቁልፉ የለም፣ በሩ ክፍት ነው። ግን ወረፋ የለም። አማረችና ጎረቤቶቿ ብቻ ይቀዳሉ።

«ሌላው ሰው የት ሄደ?» አለች አስካለ።

አቶ ገብሬ ከታች ያለውን ወንዝ አሳዩን። «ውሳኔውን አክብረናል። ማንንም አልከለከልንም። እኛ ግን ከወንዙ እንቀዳለን። ሰው የማይፈልገውን ቧንቧ እንዲነካ አይገደድም አይደል?»

«አባቴ፣ ያ ውሃ እኮ ልጆቹን ያሳምማል።»

«አዎ፣ ታመውብናል» አሉ። ፊታቸው በእርግጥ አዝኗል። «የልጅ ልጄ ከሞት ነው የተረፈው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ምን ላድርግ? ሚስቴ ከዚያ ቀድታ ብትመጣ ማንም ቤቴ ገብቶ አይጠጣም። ብቻዬን ልሁን?»

አስካለ አፏን ሸፈነች፤ ከዚያ መዳፍ በስተኋላ ግን በዚያ ቀን መልስ አልነበረም።

አማረች ቤት ሄድን። ከበፊቱም ከስታለች። የቡና ለቀማ ወቅት ነው፤ በየዓመቱ ማንጆዎች ለሌላው ሰው ቡና እየለቀሙ ነው የዓመት ልብሳቸውን የሚያገኙት። በዚያ ዓመት ማንም አልጠራቸውም።

«ድሮ ያጣነው ውሃ ነበር። አሁን ውሃ አለ፣ ሥራ የለም» አለች።

«እኔ እኮ ምክንያቱን አብረን ካወቅነው…» ብላ አስካለ ጀመረች።

«ምክንያቱን እኔ ድሮም አውቀው ነበር» አለቻት አማረች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «እነሱም ያውቁት ነበር። ያላወቅሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ከዚያ ጎደሬ አቀረበች። አስካለም በላች። በዚያ ቀን መኪናውን አላስቆመችም፤ መስኮቱን ከፍታ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ቦንጋ ደረሰች።

ወረዳ ሄደች። ኃላፊው በትሕትና አዳምጠው «ይህ የአመለካከት ችግር ነው። ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት በሚለው ሥር አቅጣጫ ተቀምጦለታል፤ ስልጠና ይሰጣል» አሏት። ስልጠናው ተሰጠ። አቶ ገብሬ ሠለጠኑ፤ አበልም ተከፈላቸው። ወደ ወንዛቸው ተመለሱ።

ቢሯችን ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። የዓመቱ ሪፖርት ላይ ያቺ ቀበሌ እንደ ምሳሌ ቀረበች። ከማኅበረሰቡ ጋር በተደረገ የመንስኤ ትንተና የቧንቧ ስብራት ሙሉ በሙሉ ቆመ ተባለ። የቦኖው ፎቶ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። አስካለ ለኃላፊያችን ያየችውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ሰሙ፤ አላስተባበሉም። «አስካለ፣ እኛ የተጠየቅነው ቧንቧው ነው። ቧንቧው አልተሰበረም» አሉ። በዚያ ግድግዳ አጠገብ ስታልፍ ፊቷን ወደ ሌላ ወገን ታዞር ነበር።

ሥራዋን አልተወችም። ሌሎች ቀበሌዎች፣ እስከ ደካ ከተማ ድረስ፣ ሄድን፤ ዛፉን መሳሉንም ቀጠለች። ግን የምትጠይቀው ቀነሰ። ሦስተኛው ወይም አራተኛው «ለምን» ላይ ስትደርስ ቆም ትላለች፤ የተቀመጡትን ሰዎች አንድ በአንድ ታያለች፤ ከዚያ «ለዛሬ ይበቃናል» ትላለች። አንድ ቀን ለምን እንደምታቆም ጠየቅኋት። «ከዚያ ወዲያ የሚናገረውን ሰው ማታ ማን ቤቱ ያደርሰዋል?» አለችኝ።

በየበዓሉ ግን ለብቻዋ ወደ አማረች ቤት ትሄድ ነበር። አንዳንዴ በጭነት መኪና፣ አንዳንዴ በእግሯ። ቦንጋ ላይ ተሰማ። የሠፈሯ ሴቶች ምንም አልተናገሯትም፤ ቤቷ ሲመጡ ግን «ጾም ነኝ»፣ «ሆዴን አሞኛል» እያሉ ሳይቀምሱ መሄድ ጀመሩ። እሷም ማቅረቡን ተወች።

ሐዋሳ ልዛወር ስል ስሰናበታት «አሁንስ ሆድሽ እሺ አለሽ?» ብዬ ቀለድኩባት። አልሳቀችም።

«አሁን አይወጣም። ግን እያንዳንዱን ጉርሻ አስቤው ነው የምውጠው። ሳላስበው የበላሁበት ቀን የለም። አማረች ደግሞ ይህን ታውቃለች፤ እጄን ነው የምታየው። ከእሷ ምን ይደበቃል ብለሽ ነው?»

ከዚያ በኋላ ያገኘኋት በስልክ ነው። ድምፅዋ እየደከመ ሄደ፤ ጉበቷ ነው ተባለ። «ዳንሽ ወይ?» ስላት «ሐኪሞቹ ምክንያቱን አውቀውታል» ትላለች። ሌላ አትጨምርም።

ለሠልስቷ ደረስኩ። ቦንጋ ያካፋል። ባጃጁ ከድንኳኑ ራቅ ብሎ አወረደኝ። ሰዉ ብዙ ነው፤ የሠፈር ሰው፣ የቢሮ ሰው፣ ከገጠር በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ ሰው። አቶ ገብሬ በጣም አርጅተዋል፤ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ሲያዩኝ ተነሥተው አቀፉኝ። «እንደሷ የሚሰማ ሰው አጣን» አሉኝ። እውነተኛ ለቅሶ ነበር።

አማረችን ያየኋት ምግብ መቅረብ ሲጀምር ነው። ከግቢው አጥር ውጪ፣ ዝናቡ ላይ፣ ሣር ላይ ተቀምጣለች። ከዋጫ ጀምሮ የመጣችው ከእነ አቶ ገብሬ ጋር በዚያው መኪና፣ ከኋላ ጫፍ ላይ ሆና ነው። ወንበር ይዤላት ልወጣ ስል አቶ ገብሬ ቀደሙኝ። እንጀራና ወጥ በኮባ ቅጠል ላይ አድርገው፣ ጭቃው እንዳያንሸራትታቸው እየተጠነቀቁ፣ በከዘራቸው እየተደገፉ ወጡ። ሊያበሏት ነው፤ ሩቅ አገር መጥታ እንዳትራብ አስበውላት ነው። ቅጠሉን ከፊቷ ሣሩ ላይ አስቀመጡት፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉና «ብይ» አሏት። ከዚያ ወደ ድንኳኑ ተመለሱ።

ወንበሩን አጠገቧ አቆምኩት። «አማረች፣ ነይ ወደ ውስጥ እንግባ። ቤቱ እኮ የአስካለ ቤት ነው።»

«የአስካለ ነበር» አለች።

ወንበሩን ትቼ ከጎኗ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ እጄንም ወደ ቅጠሉ ዘረጋሁ። ድንኳኑ ውስጥ ወሬው ሲቆም ተሰማኝ። አማረች ቅጠሉን ቀስ ብላ ወደ ራሷ ሳበችው።

«ተነሺ» አለችኝ። «አንቺ ነገ ሐዋሳ ነሽ። እኔ ማታ ከእነሱ ጋር በዚያች መኪና ነው የምመለሰው። እባክሽ ተነሺ።»

ተነሣሁ።